በቦረቦሩ አፋፍ የሠራሁት ዳንቴል

ዳንቴል መሥራት የተማርኩት ሁለት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ያስተማረችኝ በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ናት። ባሏ ሶዶ ገበያ አጠገብ ሱቅ አለው። የሁለቱም ቤተሰብ ከስልጤ የመጣ ቢሆንም እሷ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። ከአማቴ ጋር በወላይትኛ ስትቀላለድ የሰማ ሰው ምራቲቱ እሷ፣ ጎረቤቷ ደግሞ እኔ እመስለው ነበር።

አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ በአጥሩ ክፍተት አየችኝና፣ «አንቺ የምትተኚውም ቆመሽ ነው እንዴ?» አለችኝ። «እዚህ ሰፈር ከገባችሁ ጀምሮ ተቀምጠሽ አይቼሽ አላውቅም፣ ወላሂ።»

ሳቅሁ። ግን እውነቷን ነበር። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ አንዱን ሳምንት በጠዋት ፈረቃ፣ ቀጣዩን በከሰዓት ፈረቃ አስተምራለሁ። ባለቤቴ የሚሠራው ገሱባ፣ ወረዳ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ዓርብ ማታ መጥቶ እሑድ ይመለሳል። ውሃ በመጣ ቁጥር ያለውን ጄሪካን ሁሉ መሙላት፣ ልጆቹን ማጣጠብ፣ ደብተር ማረም፣ ምሳ፣ እራት፤ ከዚያ ደግሞ አብረውን የሚኖሩት አማቴ አሉ። ጠንካራ ሴት ናቸው፤ ጉልበታቸውን ግን ያማቸዋል፤ ከኋላ ካለው ክፍላቸው ብዙ አይርቁም።

በማግስቱ ጎረቤቴ ኪሮሽና አንድ ጥቅል ነጭ ክር ይዛ በአጥሩ ክፍተት ገባች። «ግማሽ ሰዓት ብቻ» አለች። «ግማሽ ሰዓት ብትቀመጪ ቤቱ አይፈርስም።»

የምንቀመጥበት ቦታ ስፈልግ፣ ቤቴ ውስጥ የእኔ የምለው ጥግ እንደሌለኝ ያን ቀን ገባኝ። ሳሎኑ የልጆቹና የቴሌቪዥኑ ነው። ማድቤቱ ይጨሳል። ደጃፍ ላይ ከተቀመጥኩ አላፊ አግዳሚው ሰላም ሊል ጎራ ይላል፤ ያም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የቀረው የኋላው በረንዳ ብቻ ነበር። ባለቤቴ ለእናቱ ክፍል ሲቀጥል አብሮ የሠራው ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ፊት ለፊቱ አማቴ የተከሉት እንሰት አለ፤ ከእንሰቱ ወዲያ ደግሞ ቦረቦሩ። ወደዚያ ማንም አይመጣም። ብርሃኑም ለክር ሥራ ጥሩ ነበር። ሁለት ዱካ አወጣሁና ተቀመጥን።

ቤቱን ስንሠራ ያ ቦረቦር ልጆች እየዘለሉ የሚሻገሩት ቦይ ነበር። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ፣ ከላይ ካሉት አዳዲስ ቤቶች ጣሪያና ከኮብልስቶኑ መንገድ የሚሰበሰበው ውሃ፣ ሁሉም መውረጃው እሱ ሆነ። በየክረምቱ ጠለቀ፤ በየክረምቱ ሰፋ። እኔ ዳንቴል በጀመርኩበት ዓመት ውስጡ የቆመ ሰው ከላይ አይታይም ነበር። ቢሆንም ከእኛ ይርቃል እንል ነበር። «ጉድጓዱ» ነበር የምንለው፤ ለምደነው፣ እንደ አንድ የግቢያችን ዕቃ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጣቴ እምቢ ብሎኝ ክሩን ሳጠብቅና ስፈታ ነው ያሳለፍኩት። ከዚያ እጄ ተገራ። የጠረጴዛ ልብስ ጀመርኩ፤ ትልቅ፣ መሐሉ ላይ አበባ ያለው። ጊዜውን ያገኘሁት ከዚህም ከዚያም እየቆነጠርኩ ነው። አንሶላ መተኮስ ተውኩ። ባቄላውን በጠዋት መቀቀል ጀመርኩ። ልጆቹ የበሉበትን ሳህን ራሳቸው እንዲያጥቡ አደረግሁ። በጠዋት ፈረቃ ሳምንት ከምሳ በኋላ፣ በከሰዓት ፈረቃ ሳምንት ደግሞ ረፋዱ ላይ በረንዳዬ ላይ እገኝ ነበር።

አማቴ ለውጡን ወዲያው አዩት። በራቸው ላይ ተደግፈው፣ «ምንድን ነው የምትሠሪው?» አሉኝ።

«ዳንቴል ነው፣ እማዬ።»

«ለማን?»

«ለጠረጴዛው።»

«ጠረጴዛው በረደው?»

ጎረቤቴ በሳቅ ፈነዳች። አማቴ ግን አልሳቁም። ለእሳቸው ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ ጥጥ መፍተል ነው፤ ጥጥ ይለበሳል። ባለ ቀዳዳ የሆነው የእኔ ሥራ ምን እንደሚሸፍን አይገባቸውም ነበር። ቢሆንም ቀን በቀን ትንሽ ቆመው ያዩኛል፤ ከዚያ ገብተው ጋደም ይላሉ።

ከሥራ ወደ ሥራ የሚሮጥ ሰው የማይሰማውን ነገር ቁጭ ያለ ሰው ይሰማል። እኔም በዚያች ሰዓት ነው መስማት የጀመርኩት። ከቦረቦሩ በኩል «ዱብ» ይላል፤ ዝም ይላል፤ እንደገና «ዱብ» ይላል። ልጆች ድንጋይ እየወረወሩ መስሎኝ ተነስቼ ሄጄ አየሁ። ማንም የለም። ከወዲያኛው ግድግዳ እፍኝ የምታህል አፈር ተላቃ ስትወድቅ፣ ታች ደርሳ ስትበተን አየሁ። ዝናብ እኮ አልነበረም። ደረቅ ወራት ነበር።

«ሰምተሽዋል?» አልኳት ጎረቤቴን።

«ከሰማሁት ቆየሁ» አለች፤ ከኪሮሿ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። «ዝም ብዬ ነው። ብናገር የሚመጣ ይመስለኛል።»

ቀጥሎ ክሩ ነው። የክሬን ጥቅል እግሬ ሥር አስቀምጬ ነበር የምሠራው። በጀመርኩ ሰሞን ስትፈታ ባለችበት ትሽከረከር ነበር። በኋላ ግን እያደር ከእግሬ ሥር መሸሽ ጀመረች። አነሳለሁ፣ እመልሳለሁ፤ ዞር ስል ከበረንዳው ጫፍ ላይ አገኛታለሁ። ሁልጊዜ ወደ እንሰቱ በኩል። ነፋስ ነው አልኩ። አንድ ቀን ነፋስ በሌለበት ጥቅሏን መሐል ወለል ላይ አስቀምጬ እጄን አነሳሁ። ትንሽ ቆመች። ከዚያ ማንም ሳይነካት ቀስ ብላ መንከባለል ጀመረች። ጎረቤቴ አየች፤ እኔም አየሁ። ሄጄ አነሳኋትና ጭኔ ላይ ያዝኳት።

የበልግ ዝናብ እንደጀመረ፣ አንድ ጠዋት አማቴ ከጓሮ እየጮሁ ገቡ። ጫፍ ላይ ካሉት እንሰቶች አንዱ፣ ትልቁ፣ የለም። «ሌባ ነው!» አሉ። «ነቅሎ ወሰደው!» እንሰት የሚያህል ነገር ነቅሎ፣ ተሸክሞ፣ በዚያ ጭቃ ላይ ዱካ ሳይተው የሚሄድ ሌባ የለም። እያዘገምኩ ወደ አፋፉ ተጠጋሁና ቁልቁል አየሁ።

እንሰቱ እዚያው ነበር። ከነአፈሩ ወርዶ ታች ቆሟል። አልወደቀም፣ ቅጠሉ አልተሰበረም። ከእግራችን በታች ጥልቅ ውስጥ፣ በፊት እንደነበረው ቀጥ ብሎ አረንጓዴውን ለብሶ ቆሟል። አማቴን ጠርቼ አሳየኋቸው። ቆመው አዩት። ከዚያ በወላይትኛ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእንሰቱ ይመስላል፣ «እዚያ ምን ትሠራለህ?» አሉት።

ከዚያ ቀን በኋላ የአማቴን ክፍል በደንብ ማየት ጀመርኩ። በሩ ሲዘጋ ይታገላል፤ አናቱ መቃኑን ይነካል። ክፍሉ ከዋናው ቤት ጋር በሚጋጠምበት ጥግ፣ ከመሬት ተነስቶ እስከ መስኮቱ ድረስ የሚወጣ ቀጭን ስንጥቅ አገኘሁ። ጥፍር አይገባበትም። ለጎረቤቴ አሳየኋት።

«እኛ ጋም አለ» አለችኝ። «ሽንት ቤቱ ጋ። ባሌ የድሮ ነው ይላል።»

«የእኔም ቢሆን የድሮ ሊሆን ይችላል።»

«እንግዲያ እንየው።» ከክሯ ላይ አጭር ቁራጭ ቆረጠች። ማድቤት ገብታ ጥቂት ዱቄት በውሃ ለወሰች። ክሩን በስንጥቁ ላይ አግድም ወጥራ ሁለቱን ጫፎች በሊጥ ለጠፈቻቸው። «ቤቱ ዝም ካለ ክሩም ዝም ይላል» አለች።

በየቀኑ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሄጄ አየዋለሁ። ዝናቡ ባባራባቸው ቀናት ክሩ ባለበት ነበር፤ እኔም ልቤ ረጋ ብሎ እሠራ ነበር። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ረፋዱ ላይ ስሄድ ክሩ መሐሉ ላይ ተበጥሷል፤ ሊጡ በሁለቱም በኩል ባለበት አለ። ሌላ ለጠፍን። እሱም ተበጠሰ።

ዓርብ ባለቤቴ ሲመጣ እራት እንኳ ሳይበላ እጁን ይዤ ወሰድኩት። በስልኩ መብራት አየው። ክሩንም አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ክር ነው። ስንጥቁ ሲሰፋ ይበጠሳል።»

በጣቱ ስንጥቁን እስከ ላይ ዳበሰው። ይህን ቤት ለመሥራት የከፈለውን ዋጋ እኔ አውቃለሁ። እንጨቱን አንድ በአንድ መርጦ፣ ጭቃውን ከሠራተኞቹ ጋር ራሱ ረግጦ፣ በየቅዳሜው ከገሱባ መጥቶ የሠራው ነው። «የተቀጠለ ክፍል ነው፤ ሲረጋ ትንሽ ይሰነጠቃል» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ደግሞ እዚህ ቁጭ ስትይ ነገር ታበዣለሽ።»

በክፋት አላለውም። በማግስቱ ሲሚንቶ አምጥቶ ስንጥቁን ሞላው፣ አለሰለሰው፣ ቀለም ቀባው። ሥራው ጥሩ ነበር። ሰኞ ዕለት የቀበሌ ሰዎችም መጥተው፣ አፋፉ ላይ ቆመው አዩና ክረምቱ እስኪያልፍ እንድንጠነቀቅ ነግረውን ሄዱ። ምን ማድረግ ጥንቃቄ እንደሆነ አልነገሩንም። እኛም አልጠየቅናቸውም።

እኔና ጎረቤቴ መቀመጣችንን አልተውንም። ይህን ስናገር የሚገርማቸው ሰዎች አሉ። ግን የት እንሂድ? ያችን ሰዓት ብተዋት ቦረቦሩ የሚቆም ቢሆን እተዋት ነበር። ዱካችንን ወደ ግድግዳው አስጠግተን፣ ክሩን ጭናችን ላይ ይዘን እንሠራለን። ወሬያችን ቀነሰ። «ዱብ» ሲል የሁለታችንም እጅ ባለበት ይቆማል፤ ሌላ ድምፅ እንጠብቃለን፤ ካልመጣ እንቀጥላለን። የጠረጴዛው ልብስ አበባ አለቀ፤ ጠርዙን ጀመርኩ። የዚያን ሰሞን የሠራሁት ክፍል ከሌላው ይልቅ የጠበቀ ነበር፤ እጄ ሳላውቀው ክሩን ይስብ ነበር።

ክረምቱ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ዓመቱን ሙሉ የተመኘሁትን ጊዜ አገኘሁ። በዚያው ሰሞን የጎረቤቴ ሽንት ቤት ሄደ። ጠዋት ነበረ፤ ከሰዓት በቦታው ሰማይ ነው የሚታየው። ባሏ ያን ዕለት ሱቁን ዘግቶ መጣ። ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ገቡ። ጎረቤቴ ለመሰናበት በአጥሩ ክፍተት ስትመጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«አንቺም ውጪ» አለችኝ።

«አማቴ እምቢ ብለዋል። እሱም ዓርብ እንነጋገራለን አለኝ።»

«ዓርብ ሩቅ ነው፣ እህቴ።» እጄን ያዘችው፤ ቶሎ አልለቀቀችኝም። ከዚያ ሄደች።

ማክሰኞ ነበር። ልጆቹ ጸሎት ቤት፣ የክረምት ትምህርት ላይ ናቸው። ሶዶ ላይ ፀሐይ ነበር፤ ዳሞታ ግን ከወገቡ በላይ በጥቁር ደመና ተሸፍኗል፤ እዚያ ላይ እየዘነበ መሆኑ ያስታውቃል። ምሳ አበላሁ፣ ዕቃ አጠብኩ። አማቴ ገብተው ጋደም አሉ። እኔ ኪሮሼን ይዤ ብቻዬን በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ጎርፉን ሰማሁት። ተራራው ላይ የዘነበው ነው፤ እኛ ጋ ፀሐይ እያለ ቦረቦሩ በድንገት ማጓራት ጀመረ። ያ አዲስ አልነበረም፤ በየክረምቱ ያጓራል። አዲሱ ነገር «ዱብ» የሚለው መቅረቱ ነው። አፈሩ በእፍኝ በእፍኝ መውደቁን አቆመ። ጆሮዬን አቅንቼ ጠበቅኩ፤ ምንም የለም። ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው። ከዚያ ከእግሬ ሥር፣ ከሲሚንቶው ውስጥ፣ ደረቅ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ወለሉ ላይ፣ ከዱካዬ ፊት፣ አንድ መስመር ተሰመረ። ሲሰመር አየሁት። ከአጥሩ ተነስቶ ወደ አማቴ በር ሄደ።

ኪሮሹን የት እንደጣልኩት አላውቅም። በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ።

«እማዬ፣ ይነሱ!»

«ምን ሆንሽ?»

«ቤቱ ሊሄድ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ጉድጓዱ! ይነሱ!»

ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ። «ይህን ልጄ ነው የሠራው» አሉ፤ በእርጋታ። «የትም አይሄድም።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ነጠላቸውን ተከናነቡ።

ከተጋባን ጀምሮ አማቴን ቀና ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም። ያን ቀን ግን በብብታቸው ገባሁና አነሳኋቸው። ጮሁ። ጉልበታቸውን፣ ክብራቸውን፣ ምራት አማቷን እንዲህ አትነካም እያሉ በወላይትኛ ጮሁብኝ። ትከሻዬን ደበደቡኝ። አልመለስኩም። ከክፍሉ ወደ ሳሎን በሚያስገባው በር ጎትቼ አሳለፍኳቸው፤ በሳሎኑ በኩል አወጣኋቸው፤ ግቢውን አቋርጠን መንገዱ ላይ፣ ኮብልስቶኑ ላይ፣ ሁለታችንም ወደቅን።

ድምፁ ያሰብኩትን ያህል ትልቅ አልነበረም። ረጅም ነበር እንጂ። ቆርቆሮው ሲጎተት ጮኸ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ የሚከብድ ነገር፤ ከዚያ ከቤቱ ጀርባ የተነሳ አቧራ። በዚያ እርጥብ ወር አቧራ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አማቴ መጮህ አቁመው ነበር። እጄን ፈልገው ያዙኝና ክንዴ ላይ ጥፍራቸውን ቀበሩ።

የእሳቸው ክፍልና በረንዳው ሄዱ። ሳሎኑና የልጆቹ ክፍል ቀሩ፤ የሳሎኑ የኋላ በር ተከፍቶ ሲያዩት ወዲያው ሰማይ ነው። ባለቤቴ አውቶብስ አልጠበቀም፤ በሞተር መጣ። መጀመሪያ እናቱን፣ ከዚያ ልጆቹን፣ ከዚያ እኔን በእጁ እየዳበሰ አየን። ከዚያ ወደ አፋፉ ሄደ። ሸሚዙን ከኋላው ይዤ ቆምኩ። ታች፣ በጭቃው ውስጥ፣ የእናቱ ክፍል ግድግዳ አንድ ቁራጭ ሳይፈርስ ጋደም ብሏል። እሱ ሲሚንቶ ሞልቶ ቀለም የቀባው መስመር ይታያል። ግድግዳው በሌላ ቦታ ነው የተሰበረው።

«ሲሚንቶው ይዟል» አለ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ በሸሚዙ በኩል ይሰማኝ ነበር።

አሁን የምንኖረው ከዚያ ራቅ ባለ ሜዳማ ሰፈር፣ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው። አማቴ ከእኛ ጋር ናቸው። ሊጠይቅ ለመጣ ሰው ሁሉ፣ «እንደ ጆንያ ጎተተችኝ» ይሉታል። ሲቆጡ ይሁን ሲያመሰግኑ ከድምፃቸው አይለይም። ማታ ማታ ግን፣ ልጃቸው በሌለበት፣ መቼ ወደ ቤታችን እንደምንመለስ ይጠይቁኛል።

ጎረቤቴ በሁለተኛው ሳምንት መጣች። ከባሏ ሱቅ አዲስ ክርና ኪሮሽ ይዛ ነው የመጣችው። የጠረጴዛው ልብስ ከበረንዳው ጋር ሄዷል፤ ስለ እሱ አላነሳንም። «ከመጀመሪያው ጀምሪ» አለችኝ። ብዙ ቀን ሳልነካው ቆየሁ። ከዚያ ጀመርኩ፤ ምክንያቱም እጄ ባዶ ሲሆን ጆሮዬ ይባስ ያዳምጣል። አሁን የምቀመጠው በራፍ ላይ፣ ሰው በሚያልፍበት ነው። የሚገባ ይግባ፣ የሚያወራ ያውራ። መኪና ሲያልፍ ወለሉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ ሳላስበው ተነስቼ እቆማለሁ።

ባለፈው ወር በዚያ በኩል ሳልፍ የቤታችን የፊት መስኮት ተከፍቶ አየሁ። ገመድ ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል። አንኳኳሁ። የወጣችው ልጅ ያዘለች ወጣት ናት። ከሁምቦ ነው የመጡት። እዚያ በቆሎው ደርቆባቸው ባሏ እዚህ ጋሪ ይነዳል፤ የሚከራዩት ሲያጡ ባዶ ቤት አለ ተባሉ። ማን እንዳላቸው አልነገረችኝም።

«ይህ ቤት የእኛ ነበር» አልኳት። ደነገጠች። «ላስወጣችሁ አይደለም የመጣሁት። ነይ፣ ላሳይሽ።» ይዣት ወደ ጓሮ ዞርኩ። አፋፉ ከሳሎኑ ግድግዳ ክንድ አይርቅም። ታች ያለውን አሳይቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ድምፁ፣ ስለ ወለሉ፣ ስለ አማቴ። በትዕግሥት ሰማችኝ። በጀርባዋ ያለውን ልጅ እያወዛወዘች ታስተኛው ነበር።

«እኛ ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው የገባነው፣ እትዬ» አለችኝ በትሕትና። «አሁን እኮ ደረቅ ነው።»

ሰማዩ በእርግጥ ጠርቷል። ዳሞታ እስከ ጫፉ ይታያል። ስልክ ቁጥሬን ሰጥቻት፣ ዝናብ ከጣለ እንድትደውልልኝ አስማልኳት። እሺ አለች። ስንለያይ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ የኋላው በር ባለበት በኩል ባነጠፈችው ምንጣፍ ላይ አስተኛችው።